የአፍ ጥግ ሲሰነጠቅና ሲቆስል፦ መንስኤውን የመለየትና የማከም መመሪያ

ደሴ ላይ ከኅዳር ጀምሮ የማለዳው ውርጭ ሲበረታና ከጦሳ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ፊት ሲገርፍ፣ ከንፈሩ የማይደርቅበት ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱን ሰው ግን የሚያስቸግረው የከንፈር መድረቅ ብቻ ሳይሆን፣ የላይኛውና የታችኛው ከንፈር በሚገናኙበት ጥግ ላይ የሚወጣ፣ የሚቀላ፣ የሚያቃጥልና ለመጉረስ አፍ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሰነጠቅ ቁስል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ፣ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ከብርዱ ቢያመልጥም ከዚህ ቁስል አያመልጥም፤ ምክንያቱም ብርድና ነፋስ ቁስሉን ሊጀምሩት ይችሉ ይሆናል እንጂ ለሳምንታት የሚያቆዩት እነርሱ አይደሉም።

የሚያቆየው በአብዛኛው ምራቅ ነው። ምራቅ በአፍ ጥግ እጥፋት ውስጥ ሲጠራቀም፣ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ጣት እንደሚነጣና እንደሚሸበሸብ ሁሉ የቦታውን ቆዳ ያርሰዋል፤ የራሰው ቆዳ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሰውየው ቃጠሎውን ለማስታገስ ጥጉን በምላሱ ያርሰዋል፣ እንደገና ይደርቃል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖረው ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ፣ ወይም በአፍንጫና በቆዳ ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ አንዳንዴም ሁለቱም አንድ ላይ ይገባሉ፤ ቁስሉም ከተራ ስንጥቅነት አልፎ ብግነት ይሆናል። በሕክምና ካርድ ላይ «አንጉላር ቺላይተስ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ ቁስሉን መለየት፣ የሚያባብሰውን ማቆም፣ ቦታውን ማድረቅና መሸፈን፣ ተስማሚውን መድኃኒት መቀባት፣ በመጨረሻም ምራቁ ለምን እንደሚጠራቀም ወይም ቆዳው ለምን አቅም እንዳጣ መመርመር። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ቅባት ይገዛና ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል። ቁስሉ በየጊዜው የሚመላለሰው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አንደኛ እርምጃ፦ ቁስሉን በመስታወት መለየት

በቀን ብርሃን ከመስኮት አጠገብ ቆመው መስታወት ይያዙ። መጀመሪያ አፍዎን ዘግተው ይመልከቱ፤ ከአፍ ጥግ ወደ አገጭ የሚወርድ ጥልቅ መስመር ካለና በውስጡ እርጥበት የሚታይ ከሆነ የምራቁ መንገድ ያ ነው። ቀጥሎ አፍዎን በግማሽ ይክፈቱ። የተለመደው ምልክት በሁለቱም ጥጎች የሚታይ፣ ወደ ቆዳው በሦስት ማዕዘን መልክ የሚሰፋ ቅላት ሲሆን፣ ጠርዙ ነጣ ያለና እርጥብ፣ መሐሉ ደግሞ የተሰነጠቀ ነው። ጠዋት ላይ ቀጭን ቢጫማ ቅርፊት ሊኖረው ይችላል። በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣም አለ፤ ያን ጊዜ በዚያው በኩል የተሰበረ ጥርስ፣ ሁልጊዜ የሚታኘክ እስክሪብቶ ወይም መፋቂያ መኖሩን ማሰብ ይገባል።

እዚህ ላይ ከምች ጋር መለየት ያስፈልጋል። በወሎም ሆነ በሌላው አካባቢ ከንፈር ላይ የወጣውን ሁሉ «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ መፈለግ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ በከንፈር ላይ ምች የሚባለው የኸርፐስ ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ቦታውን ይወረዋል ወይም ያሳክከዋል፤ ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እባጮች ተጠጋግተው ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ቅርፊት ይሠራሉ፣ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናትም አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይድናሉ። ትኩሳት፣ ጉንፋን ወይም ጠንካራ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የአፍ ጥግ ስንጥቅ ግን ውሃ የቋጠረ እባጭ የለውም፣ ከትኩሳት ጋር አይያያዝም፣ በ10 ቀንም በራሱ ላይድን ይችላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለስም አይደለም፤ የፈንገስ ቅባት ለቫይረሱ አይሠራም፣ ስቴሮይድ የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ያለበት ቅባት ደግሞ ቫይረሱን ሊያባብሰው ይችላል። ለምች ተብሎ የሚጠጣውን ዳማከሴ መተቸት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ቅጠሉን አሽቶ በተሰነጠቀው ጥግ ላይ መፈተግ ሊዘጋ የጀመረውን ስንጥቅ ይከፍተዋል።

በልጆች ላይ የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ከአፍ ጥግ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ፣ ወደ ጉንጭ ወይም ወደ አገጭ ከተስፋፋ፣ ይህ በባክቴሪያ የሚመጣና በፎጣና በንክኪ ወደ ወንድምና እህት የሚተላለፍ የቆዳ ቁስል ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት። በትልልቅ ሰዎች፣ በተለይም በሚያጨሱት ላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሥሩ የጠጠረ ወይም ጠርዙ ከፍ ያለ ቁስል በዚህ መመሪያ የሚታከም አይደለም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

መስታወቱን ሳያስቀምጡ ምላስዎንም ይመልከቱ። በምላስ ወይም በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሲጠረግ የሚነሣና ሥሩ የሚቀላ ነጭ ነገር ካለ ፈንገሱ አፍ ውስጥም አለ ማለት ነው። ምላሱ ለስላሳና ቀይ ሆኖ እንደ ወትሮው ሻካራነት ከሌለው፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጡ ገርጥቶ ከታየ፣ ደረጃ ሲወጡም ልብ የሚመታ ከሆነ፣ ነገሩ ከደም ማነስ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ስድስተኛውን እርምጃ በጥንቃቄ ያንብቡ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የሚያባብሰውን ማቆም

ሎሚ፣ ጨው፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮልና ነጭ ሽንኩርት በቁስሉ ላይ አይደረጉ። ቃጠሎው መድኃኒቱ እየሠራ የሚመስለው ሰው አለ፤ እነዚህ ነገሮች ግን ቆዳውን ይልጡታል እንጂ አያድኑትም። ቅርፊቱን በጥፍር አይላጡ። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚበዛበትን ወጥ ለጥቂት ቀናት ቀንሶ መብላት ይጠቅማል፤ ሲጎርሱም ጉርሻውን ማሳነስ ስንጥቁን ከመቀደድ ያድነዋል። በግብዣ ላይ እንግዳን በትልቅ ጉርሻ ለማክበር የሚተጉ አስተናጋጆች በዚህ ጊዜ ሊቀየሙ ይችላሉ፣ ቢሆንም ይቅርታ መጠየቅ ይሻላል።

ምላስን ወደ አፍ ጥግ መስደድ ሳይታወቅ የሚደረግ ልማድ ስለሆነ «አቁም» በመባል ብቻ አይቆምም። የሚረዳው በቦታው ላይ ቫዝሊን እንዲኖር ማድረግ ነው፤ ምላስ ቅባቱን ሲነካ ሰውየው ያስታውሳል።

በደሴ ማለዳ አፍን በጋቢ ወይም በስካርፍ ሸፍኖ መሄድ ከነፋስ ይከላከላል፤ ነገር ግን ጨርቁ በትንፋሽ ረጥቦ ከከንፈር ጋር ተጣብቆ ሲውል ጥጉን ያርሰዋል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ከአቧራና ከብናኝ ለመጠበቅ ማስክ አድርገው የሚውሉ ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው፤ ማስኩ በረጠበ ጊዜ መቀየር፣ በዕረፍት ሰዓትም አውልቆ ጥጉን ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጫት የሚቅም ሰው በተለይ ሊያስብበት ይገባል። ጫት አፍን ያደርቃል፤ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት የሚያዘው ጉንጭ ሙሉ ቅጠል የዚያን ወገን የአፍ ጥግ ይወጥራል፤ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ለፈንገስ ምቹ ነው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ማቆም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ማቆም ካልተቻለ ግን ጉንጭ መቀያየር፣ ያለ ስኳር ውሃ መጠጣትና ሲያበቁ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

የከንፈር ቀለም፣ አዲስ የተገዛ የከንፈር ቅባት ወይም ቀረፋና ጠንካራ ሚንት ያለበት የጥርስ ሳሙና አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ቁስሉ የጀመረው አዲስ ነገር መጠቀም ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ያንን ነገር ለሁለት ሳምንት ይተዉት። የከንፈር ቅባት ከጓደኛ ጋር መዋዋስም ይቅር።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ማጠብ፣ ማድረቅና መሸፈን

ይህ እርምጃ ቀላል ስለሚመስል የሚዘለለው ነው፤ ነገር ግን ቀላል የሆነውን ቁስል ያለ ሌላ መድኃኒት የሚያድነው ይኸው ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ጎዝ ለብ ባለ ውሃ ነክረው በጠነከረው ቅርፊት ላይ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ያኑሩት፤ ቅርፊቱ ሲለሰልስ በራሱ የሚነሣውን ብቻ ያንሡ። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት፤ አይፈትጉት። አፍዎን በጥቂቱ ከፍተው በእጥፋቱ ውስጥ የቀረውን እርጥበት በጥጥ ዘንግ ጫፍ ያንሡ፤ ፎጣ ወደዚያ ስለማይደርስ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። አንድ ደቂቃ ያህል ነፋስ እንዲያገኘው ይተዉትና ያለ ሽቶና ያለ ቀለም የተሠራ ተራ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት በቀጭኑ ይቀቡ። ቅባቱ ምራቁን ከቆዳው ይለያል።

ይህን ጠዋት፣ ከምግብ በኋላና ከመተኛት በፊት ይድገሙት። የመኝታው ቅባት ከሌላው ወፈር ያለ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ጊዜ ለሃጭ የሚወርደው በዚያው ጥግ በኩል ነው። ጣትን ከቁስሉ መልሶ ወደ ቫዝሊን ጣሳ መክተት ጀርሙን ከቤተሰቡ ጋር መካፈል ስለሆነ፣ በጥጥ ዘንግ ማውጣት ወይም የራስ የሆነ ትንሽ ዕቃ መያዝ ይገባል። ፎጣና የትራስ ልብስም በየጥቂት ቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ስንጥቁ ትንሽ ከሆነና መግል ከሌለው በዚህ ብቻ ከ5 እስከ 7 ቀን መጠበቅ ይቻላል። ካልቀነሰ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ቅላቱ ሰፊ ከሆነ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አራተኛ እርምጃ፦ መድኃኒት

በመድኃኒት ቤት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ቅባት ለፈንገስ የሚሆነው ነው፦ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ፣ ወይም ማይኮናዞል 2 በመቶ። ማይኮናዞል ፈንገሱን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ስለሚያጠቃ ለዚህ ቦታ ይመረጣል። በሦስተኛው እርምጃ እንደተገለጸው ቦታው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ ቅባቱ ገባ ሲል ከላዩ ቫዝሊን ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ መገላበጥ የለበትም፤ ቫዝሊኑ ከቀደመ መድኃኒቱ ወደ ቆዳው በደንብ አይደርስም። ቅላቱ ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም፤ ማይኮናዞል ከዳነ በኋላ ለ10 ቀን ያህል ይቀጥላል። በአራተኛው ቀን ሲሻል ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስገባ ሰው በወሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ለልብ ቫልቭ ችግር ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ማይኮናዞል፣ በተለይም ወደ አፍ ውስጥ የሚገባውን ጄል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደም መፍሰስ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኒስታቲን የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት የተሻለ ምርጫ ስለሆነ፣ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ለፋርማሲስቱ አስቀድመው ይንገሩ።

የወርቅ ቀለም ያለው ቅርፊት፣ መግል ወይም ወደ ጉንጭ የሚስፋፋ ቅላት ካለ ባክቴሪያው የበላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፉሲዲክ አሲድ ወይም ሙፒሮሲን የተባለው 2 በመቶ ቅባት ያስፈልጋል፤ ይህም በባለሙያ ታይቶ፣ ከ10 ቀን ላልበለጠ ጊዜ የሚሰጥ ነው። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው የቲቲሲ የዓይን ቅባት ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አያጠቃም። ትንሽ አሻሽሎ የሚቆመውም ስለዚህ ነው፤ የተሻለውም ምናልባት ቅባትነቱ ምራቁን ስለከለከለ ይሆናል።

ብግነቱና ማሳከኩ ከፍተኛ ከሆነ ሐኪሙ ማይኮናዞል ሃይድሮኮርቲዞን ከተባለው ቀላል ስቴሮይድ (1 በመቶ) ጋር የተዋሐደበትን ቅባት ሊያዝ ይችላል፤ ይህም ቢበዛ ለ7 ቀን ብቻ ነው። ከዚህ የሚለየውን ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ለምሳሌ ቤታሜታዞን፣ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ በአንድ ቱቦ የያዘውን ቅባት «ሁሉን ይችላል» ብሎ ፊት ላይ መቀባት አይገባም። በሁለት ቀን ቅላቱን ያጠፋና ያስደስታል፤ ሲደጋገም ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆምም ቁስሉ ብሶ ይመለሳል። ከቱቦው ጀርባ ያለውን የመድኃኒት ስም ማንበብ፣ ወይም ፋርማሲስቱ እንዲያነብልዎ መጠየቅ አያሳፍርም።

በአንደኛው እርምጃ ነጭ ነገር በአፍ ውስጥ የታየበት ሰው ጥጉን ብቻ ቀብቶ አይድንም። የኒስታቲን ፈሳሽ ወይም ሌላ የአፍ ውስጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ የሚጠቀሙ ሰዎች ከነፉ በኋላ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ውሃውን መትፋት አለባቸው፤ ይህ ካልተደረገ ፈንገሱ ደጋግሞ ይበቅላል።

ረመዳንን የሚጾም ሰው ቅባቱን በሱሁር ሰዓትና ከመግሪብ በኋላ ምግቡን ጨርሶ አፉን ካጠበ በኋላ ቢቀባ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለው መመሪያ ሳይጓደል ቅባት ወደ አፍ ይገባብኝ ይሆን ከሚል ሐሳብም ይድናል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጥርሳቸው ያለቀ አረጋውያንና ትንንሽ ልጆች

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጥርሳቸው ሲያልቅ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ይቀራረባል፣ ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭም ተንጠልጥሎ በአፍ ጥግ ላይ ጥልቅ እጥፋት ይሠራል። እማማ ወይም አባባ በየጊዜው በነጠላቸው ጫፍ ጥጉን ሲጠርጉ የሚታዩት ምራቁ በዚያ እጥፋት ስለሚወርድ ነው። ለእነርሱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ በንጹሕ መሐረብ ማድረቅና ወፍራም ቅባት መጠቀም የዘወትር ሥራ ይሆናል። የነጠላው ጫፍ ግን ይቅር፤ ጠዋት የጠረገውን ጀርም ማታ ይመልሰዋል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ዋናው የፈንገስ ማደሪያ ጥርሱ ራሱ ነው፤ በተለይ ከላንቃ ጋር የሚጣበቀው ወለሉ። ጥርሱን ሳያክሙ ጥጉን ማከም ትርፉ ድካም ነው። ማታ ማታ ይውለቅ፤ ከተቻለ ጨርሶ ተደርጎ አይታደር። በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና ውስጡም ውጪውም ይታጠብ፤ ሻካራ ዱቄት ወይም አመድ ወለሉን ስለሚጭርና ፈንገሱ በጭረቱ ውስጥ ስለሚደበቅ አይጠቀሙበት። የፈላ ውሃም ቅርጹን ያበላሻል። ሌሊቱን በንጹሕ ውሃ ወይም የጥርስ ሐኪሙ ባዘዘው ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት በውሃ ታጥቦ ይደረጋል። ድዱና ላንቃውም በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጎዝ ይጠረግ። ጥርሱ ከተሠራ ብዙ ዓመት ካለፈው፣ ሲናገሩ የሚላቀቅ ከሆነ ወይም ሲነክሱ አገጭ ከአፍንጫ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ልኩ መስተካከል ወይም አዲስ መሠራት አለበት፤ ይህንን ምንም ቅባት አይተካውም። ወጪው ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም በየወሩ ከሚገዛ ቱቦ ጋር ሲተያይ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ጣት መጥባት፣ ጡጦ ይዞ መተኛት፣ ከንፈር መላስና ጥርስ ሲያወጡ የሚወርደው ለሃጭ ዋነኞቹ ናቸው። ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ጥጉን አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ የደረቱን ጨርቅ በረጠበ ቁጥር መቀየር በብዙዎቹ ላይ በቂ ነው። ጣት የሚጠባ ልጅ ላይ ሬት ወይም ሚጥሚጣ መቀባት በተሰነጠቀ አፍ ላይ ጭካኔ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ምግብና ደም

ቁስሉ ደጋግሞ ሲመለስ፣ ወይም በሁለቱም ጥግ ወጥቶ ከምላስ መቅላትና ከድካም ጋር ሲሆን፣ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ 2፣ የቢ 12 ወይም የፎሌት እጥረት ሊኖር ይችላል። ወርኃዊ ደማቸው የሚበዛ ሴቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በፍጥነት የሚያድጉ ልጆችና በባዶ እግር በእርጥብ መሬት የሚሠሩ፣ የመንጠቆ ትል የያዛቸው ሰዎች ለብረት እጥረት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ቪታሚን ክኒን በዘፈቀደ ከመግዛት በፊት በጤና ጣቢያ የሄሞግሎቢንና የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይሻላል፤ ትል ደሙን እየመጠጠ ክኒን መዋጥ ብዙ አያራምድም።

ጤፍ ብረት አለው ሲባል እውነት ነው፤ ነገር ግን በእህል ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው አይደለም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ከምስር ወይም ከሽሮ ጋር ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር አብሮ መብላት ብረቱ እንዲወሰድ ይረዳል። ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ለዚህ ጥሩ ቢሆኑም የተሰነጠቀ አፍ ያቃጥላሉ፤ እስኪድን ድረስ ፓፓያ ወይም ዘይቱን (ጉዋቫ) ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ለወሎ ሰው መናገር ያስቸግራል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት በእጅጉ ያግዱታል። ቡናውን ተዉ አይባልም፤ አቦል፣ ቶናና በረካው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይቅረብ፤ ሁለት ሰዓት ቢሆን የተሻለ ነው። ምሳ ተበልቶ ረከቦቱ ወዲያው በሚቀርብበት ቤት ይህን ማስለመድ ጊዜ ይወስዳል።

ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ አትክልት የለውም። ሰውነት ለብዙ ጊዜ የሚበቃውን ስለሚያከማች በጾም ወራት ብቻ የፍስክ ምግብ የተወ ጤነኛ ሰው በዚህ ምክንያት አይጎዳም። የሚጎዳው በፍስኩም ጊዜ እነዚህን ለመግዛት አቅም የሚያጥረው፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስደው፣ ወይም በዕድሜ ምክንያት ጨጓራው ቫይታሚኑን መቀበል ያቃተው ነው። ቢ 2 በወተት፣ በእንቁላልና በቅጠላ ቅጠል ይገኛል፤ ጎመን ከእንቁላል ጋር ርካሽና ጠቃሚ ነው። ጉበት ከሁሉ የበለጠ ቢሆንም በደንብ በስሎ ይበላ፤ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ባያበዙት ይመረጣል፤ ለእነርሱ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አለ።

የብረት ክኒን የታዘዘለት ሰው በውሃ ይዋጠው፤ በወተት፣ በሻይ ወይም በቡና አይሁን። ሰገራ ቢጠቁር አያስደንግጥ። ክኒኑ ለትንሽ ልጅ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ወደ ሐኪም መሄድ

መድኃኒቱን በትክክል ለሁለት ሳምንት ቀብተው ካልተሻለ፣ ከዳነ በኋላ ደጋግሞ ከተመለሰ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ አፍ ለመክፈት ወይም ለመዋጥ ካስቸገረ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያ የደም ስኳር ምርመራ ማሠራት ተገቢ ነው፤ ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ላይ ፈንገስ በቀላሉ ይራባል፤ ውሃ ጥምና ሌሊት ደጋግሞ መሽናት ካለ ደግሞ ምርመራው ለነገ አይባልም። የኤችአይቪ ምርመራም እንዲሁ። የአፍ ጥግ ቁስል ማለት ኤችአይቪ ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በኤችአይቪ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከዘረዘራቸው ምልክቶች አንዱ ስለሆነ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲመላለስ መመርመር እርግጠኝነትን ይሰጣል። ባለሙያው ሲጠይቅዎ እንደ ስድብ አይቁጠሩት።

ከጤና ጣቢያው በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በደሴ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ለቆዳ ሕመም ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምናው የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው ወደዚያ ከመውጣቱ በፊት በአካባቢው ጤና ተቋም ሪፈር ማጻፍ አለበት፤ ወረቀቱ ከሌለ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ሲሄዱ እስካሁን የተጠቀሙባቸውን ቅባቶች ቱቦ፣ ያለቀውንም ጭምር፣ የሚወስዷቸውን ክኒኖችና ካለም ሰው ሠራሽ ጥርሱን ይያዙ። ቁስሉ መቼ እንደጀመረና በየትኛው ቅባት ለስንት ቀን እንደተሻለ በወረቀት ላይ ቢጽፉት ለሐኪሙ ይጠቅማል። ከቁስሉ ላይ በጥጥ ናሙና ተወስዶ ፈንገስ ይሁን ባክቴሪያ ሊመረመር ስለሚችል፣ በዚያ ዕለት ጠዋት ፊትዎን በውሃ ብቻ ይታጠቡ፤ ቅባቱን ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ ያቆዩት።